መቱ የሚያደርስ መኪና

ስምንተኛ ክፍል ሳለን ነው፤ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም። በየትኛው ቋንቋ እንማር የሚለው ክርክር ከአዋቂዎች ስብሰባ ወደ ክፍላችን ወርዶ፣ ሁለቱን የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚናገሩት ልጆች በድንጋይ ተፈናከቱ። ከዚያ ወዲህ አንደኛው ወገን በመስኮቱ በኩል፣ ሌላው በበሩ በኩል ይቀመጥ ጀመር። እኛ ከደጋ የመጣን የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች መሐል ቀረን።

በዚያው ሰሞን፣ ከመስኮቱ ወገን ብትሆንም ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠውን ልጅ ባሮ ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ አዞ እግሯን ያዛት። ዓሣ አጥማጆች በመቅዘፊያ ደብድበው አስጣሏት። እናቴ ነርስ ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ከአዳር ሥራ ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«እግሯ እየጠቆረ ነው» አለችኝ። «ዛሬ መቱ ደርሳ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች አትተርፍም። አምቡላንሱ ደግሞ ኢታንግ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል።»

«ሌላ መኪናስ?»

«በምን ይከራዩ ልጄ? እናቷ ዓሣ ሸጣ ነው የምታድረው።»

እየሮጥኩ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ተማሪው ተሰልፏል። ለዳይሬክተሩ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «አንቺው ንገሪያቸው» አሉኝ። ሰልፉ ፊት ቆሜ የሆነውን ተናገርኩ፤ ለመኪና ኪራይ እንድናዋጣም ለመንኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳፋ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«የራሷ ሰዎች ይክፈሉላት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

የልጅቷን ቋንቋ የሚናገሩት በአንድ ጊዜ ዞሩ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ አየሁት።

ያኔ ከወዲያኛው ወገን አንድ ረጅም ልጅ ከሰልፍ ወጣ። በጠቡ ጊዜ ግንባሩን የተፈነከተው እሱ ነው፤ ፕላስተሩ ገና አልተነሳለትም። ሊማታ መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ሳፋው ጋ ሲደርስ ኪሱን ገልብጦ ያለችውን ሁሉ ጣለ።

«አዞ ቋንቋ ይጠይቃል?» አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «እኛም እዚያው ውኃ ነው የምንታጠበው።»

ከዚያ በኋላ ነው ሰው መምጣት የጀመረው። ሳንቲምም፣ የተጨማደደ ብርም ወደቀ። አንዲት ልጅ የአንገቷን ጨሌ ፈትታ ጨመረች፤ አስተማሪዎችም ሰጡ። እጃቸውን አጣጥፈው የቀሩም ነበሩ። ድንጋይ ያነሳው ልጅ አልመጣም፤ ድንጋዩን ግን ጣለው።

ገበያው ጋ ሽንኩርት አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ አገኘን። የልጅቷ እናትም ከሆስፒታል እየሮጠች መጣች። ሾፌሩ ሳፋውንም እኛንም አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ለነዳጁስ ይበቃል። መንገድ ላይ ብትሞትብኝ ግን ማን ይጠየቃል? ደግሞ የቡሬ ዳገት ላይ ይመሽብኛል፤ ጫካው ሽፍታ አለው።»

እናትየዋ አማርኛ አትሰማም። ዓይኗ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ይንከራተታል። ረጅሙ ልጅ በእሷ ቋንቋ ነገራት፤ አንድ ቃል ሲናገረው ሰምተነው አናውቅም ነበር። በአጭሩ መለሰችለት።

«ምን አለች?» አለ ሾፌሩ።

«‹ብትሞትም እኔ ነኝ የማቅፋት፤ አንተ ንዳ ብቻ› ትላለች።»

ሾፌሩ የመኪናውን በር ከፈተ። «ነርስ አብሮኝ ካልሄደ አልንቀሳቀስም» አለ በመጨረሻ።

ቤት ሮጬ ስነግራት እናቴ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ልጅቷን ፍራሽ ላይ አስተኝተው ጫኗት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ስጠራት አልመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ። ከትምህርት መልስ የባሮ ድልድይ ላይ ቆሜ ከደጋ የሚወርደውን መኪና ሁሉ አያለሁ። ረጅሙም ልጅ እየመጣ ወዲያ ማዶ ይቆማል። ምን ብለን እናውራ? ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነበር። እናቴ እሑድ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆና ከአንድ የጭነት መኪና ወረደች።

«ተርፋለች» አለች ገና ሳልጠይቃት። ቀጥላም ቀስ ብላ «እግሯን ግን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በክራንች ተመለሰች። ክፍሉ አሁንም ለሁለት እንደተከፈለ ነው፤ እሷ ስትገባ ግን ከሁለቱም ወገን ተነሥተው ከበቧት። ስለ እግሯ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም። ስለ መቱ ጠየቅናት።

«ብርድ!» አለች ትከሻዋን እየሰበቀች። «በሐምሌ ሹራብ ላይ ሹራብ አለበሱኝ። ሰው እንዴት እዚያ ይኖራል?»

እኛ ደገኞቹን እያየች ሳቀች።