የአራት ቁጥር ክፍል ጥቁር ሳሙና

የአራት ቁጥር በር ተከፍቶ ወደ ውስጥ ሲገፉኝ ከሰው በፊት ሽታው ተቀበለኝ። ሠላሳ ስምንት ሰው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ቅማል ይለቅማል። ቦታ የለቀቀልኝ አንድ ሾፌር ነበር። ከታሰረ በኋላ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች፤ አላያትም። የእስር ቤቱ አዛዥ፣ «ቅማል ያለበት ክፍል ከጠያቂ አይገናኝም» ብሎ ከልክሏል። ስንቅ ይገባል። ሳሙናው ግን ከስንቁ መሃል እየተለቀመ በር ላይ ይቀራል።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ዓይኔ ግን ከዚያ በላይ ተምሯል። ወጥ ቤት ድስት እንዳጥብ ተመድቤ፣ ሞራ የተጣበቀበትን ድስት በአመድ ስፈትግ እጄ ላይ አረፋ አየሁ። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ያንን ድስት አጥቧል! ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ሳሙና እሠራለሁ» አልኩ ክፍል ስመለስ።

«መጀመሪያ ራስህን ታጠብ!» አለኝ ካቦው፣ የክፍላችን አለቃ። ሁሉም ሳቁ።

ከስንቅ የተረፈ የሙዝ ልጣጭ አድርቄ በወጥ ቤቱ እሳት አቃጠልኩ። አመዱን ዘፍዝፌ ውሃውን በጨርቅ አጠለልኩና ከሞራ ጋር ቀቀልኩት። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ወጣ። ሾፌሩ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ዘረጋ። ወዲያው መዳፉ ቀላ፤ ቆዳው ተላጠ።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን የማቅፍበትን እጅ ላጥክብኝ እኮ» አለኝ። አልተቆጣም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ሁለት ቀን ድስት እየፈተግሁ ሳስብ ቆየሁ። ከዚያ ገባኝ፤ የአመዱ ውሃ እጅግ ጠንክሮ ነበር። ድንች ብጥልበት ግማሽ አካሉ ከላይ ሆኖ ተንሳፈፈ። ጫፉ ብቻ እስኪታይ ድረስ ውሃ እየጨመርኩ አቀጠንኩት። ሞራውን አበዛሁ። ለሳላቸው ማር ከሚመጣላቸው ሽማግሌም አንድ ማንኪያ ለመንኩ።

«ሳሙና ነው ወይስ ቁርስ?» አለ ካቦው። ሽማግሌው ግን ሰጡኝ።

ጠቅልዬ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። ከዚያ በመታጠቢያ ተራችን ግቢው ውስጥ ሸሚዜን አወለቅሁና በሁሉም ፊት ከራሴ ጀመርኩ። ክንዴን፣ ደረቴን፣ አናቴን። ሁሉም ቆዳዬን እያዩ ጠበቁ። አልቀላም። ያኔ ሾፌሩ የዳነ መዳፉን ዘረጋ።

በዚያ ሳምንት ጭንቅላታችንን ተላጨን፣ ልብሳችንን ቀቀልን፣ በእኔ ሳሙና አጠብነው። አዛዡ ለፍተሻ መጥቶ የሸሚዞቹን ስፌት አንድ በአንድ ገለበጠ። ምንም አላገኘም። ሳሙናውን አንስቶ አሸተተ።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ አዛዥ።»

«ለቤቴ ትሠራልኛለህ።»

«ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ዘጠኝ ነን። አርባኛው ተራ የእርስዎ ነው» አልኩት።

ካቦው ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ስለ ሾፌሩ ልጅ የፈራሁት ያኔ ነው። አዛዡ ሳሙናውን ወደ ቦታው መለሰና ለዘበኛው፣ «እሑድ ይገናኙ» ብሎት ወጣ።

እሑድ ሾፌሩ ልጁን አቀፈ። እጁ ማር ማር ይሸት ነበር።

ዛሬ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ሬስቶራንት ጀርባ ባለች ክፍል ጥቁር ሳሙና እሠራለሁ። ማሩ አልቀረም፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና እሬት ጨምሬበታለሁ። እዚያው ከተማ፣ ክሬንሾው ሰፈር ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁር ሳሙና የሸጡ ሴቶች የእኔን መጥተው ይገዛሉ። ይህን ስናገር አላፍርም።

በቀደም አንዲት ወጣት ከበርባንክ ድራይቭ አድርጋ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሴፍ ነው? ሶ፣ ቆዳዬ ቶሎ ይቆጣል።»

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት። ዛሬ ሚዛንም መለኪያም አለኝ። ሆኖም ካቦው ለፌዝ ያለኝን እስካሁን አከብራለሁ፤ ከእያንዳንዱ ድስት በሚወጣው የመጀመሪያ ቁራጭ የምታጠበው እኔ ነኝ።