የማይጠራው ስም

ሱሎቻና ፈሪ ናት። በኦዲሻ የባሕር ጠረፍ ያለው መንደሯ ሁሉ «የገዛ ጥላዋ ያስደነግጣታል» እያለ ይስቅባታል። ይሳቅባት! ከዓመታት በፊት የመታቸውን ማዕበል አይቶ የማይፈራ ሰው ካለ ጤነኛ አይደለም። ከወንዙ ማዶ የነበሩት ሰዎች ባሕሩ ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ደናቸውን ለማገዶ ጨርሰውት ስለነበር ባሕሩ ቤቱን ከነሰዉ ጠርጎ ወሰደው። የእነ ሱሎቻና መንደር የተረፈው ደኑ ከፊቱ ስለቆመለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ በየተራ ይጠብቁታል፤ ጠዋት የጥበቃውን ዱላ ደጇ ላይ ተደግፎ ያገኘች ሴት ተራው የእሷ ነው።

ያን ዕለት ዱላው ሱሎቻና ደጅ ላይ ነበር። አብራት የምትወጣው ጎረቤቷ ጁኑ ደግሞ ንዳድ ጥሏታል።

«ብቻሽን ልትሄጂ? አንቺን እኮ አዞውም ሲያይሽ ይስቃል» አለቻት ጁኑ፣ እንደተኛች።

«ካልሄድኩስ?»

ሱሎቻና ዱላውን አንስታ ወጣች።

ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት ወደ ደኑ ስትገባ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ቅጠሉን ገለጥ ብታደርግ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ወይ ጣጣ! በእነሱ ዘንድ ሚስት ለባሏ ታላቅ ወንድም ፊቷን አታሳይም፣ አታናግረውም፣ ስሙን አትጠራም። ከተዳረች ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቶት አያውቅም። ዝም ብትል ነገ ሌላውም መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል፤ ብትናገር ከቤት መባረር አለ።  የሳሪ ልብሷን ጫፍ ፊቷ ላይ ሳበች።

«ይተዉት» አለች።

ሰውየው መጥረቢያውን እንደያዘ ደንግጦ ዞረ፤ ወዲያው ጀርባውን ሰጣት።

«መቅዘፊያዬ ተሰብሮብኝ ነው። ማንም አላናገረኝም፤ አንቺም ማንንም አላየሽም» አለና ግንዱን ተሸክሞ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ ተሰበሰበ። ጉቶውን ዓሣ አጥማጆች አይተውታል።

«ጠባቂዋ አንቺ ነበርሽ። ማነው የቆረጠው?» አሉ ሽማግሌው።

ባሏ ኬሻብ መሬት መሬቱን ያያል። 

«ባንሺዳር» አለች ሱሎቻና።

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ።

እቤት ስትደርስ አማቷ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«የልጄን ስም አደባባይ ላይ ጠርተሽ ዛሬ የት ልታድሪ ነው?»

«እንጃ፣ እማማ» አለች ሱሎቻና። «ባሕሩ ሲመጣስ ሁላችንም የት ልናድር ነው?»

አሮጊቷ ወደ ማዶ፣ መንደር ወደነበረበት አዩ። ከዚያም ከበሩ ገለል አሉ።