ውሃ የዋጠው ዋንዛ

ትናንት እዚህ ጀርመን፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው ሰፈር፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ትልቅ አሳ አጥምደው መልሰው ሲለቁት አይቼ ክው አልኩ።

ልጅ ሳለሁ አባቴም አንዴ እንዲሁ ለቋል። አገር ቤት፣ አንድ ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ላይ፣ ውሃ በዋጣቸው ደረቅ ዛፎች መሃል፣ እኔን የሚያህል አምባዛ አሳ መንጠቆዬን ይዞ ክሩን ግንድ ላይ ጠመጠመው። አባቴ ሊያስለቅቀው ጠለቀ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ አሳውስ?»

«ክሩን ቆረጥኩት» አለኝ። «ልጄ፣ ክሩ የተጠመጠመበት ግንድ የቤተ ክርስቲያናችን ዋንዛ ነው። የደወሉ ሰንሰለት አሁንም አለበት። እናቴን የቀበርኳት ከሥሩ ነው።»

ከታንኳችን በታች መንደር እንዳለ እስከዚያች ቀን ማንም አልነገረኝም ነበር። ዳር እስክንደርስ ሁለታችንም ወደ ታች አላየንም።

«አለስ ጉት?» ብለው ደህንነቴን ጠየቁኝ ጀርመናዊው ሽማግሌ።

«ያ፣ ያ» ብዬ ደህና መሆኔን ነገርኳቸው፤ ወደ ውሃው ግን ዳግም አላየሁም።