የስድስት ወር እንግዳ

ነዕማ ባቢከር ያደገችው ከሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ ሆሞሻ ነው። አባቷ ቤት ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሲያርፍ ልጆች ውሃ ያቀብላሉ፣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። «ለምን መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ እንግዳ ሲፈልግ ራሱ ያወራል። ነዕማ አሶሳ ላይ የሰባተኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ከሆነች በኋላም ይህን ልማድ አልተወችም። ኑራ የምትባል ልጅ ከሱዳን በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል ሸሽታ መጥታ መስከረም ላይ ክፍሏ ስትገባ ደብተር ሰጠቻት፣ ከፊት አስቀመጠቻት። ስለ መንገዷ ግን አንዲት ቃል ሳትጠይቃት የካቲት ደረሰ።

በየካቲት ትምህርት ቤቱ አንድ ታብሌት አገኘ። ውስጡ ከጦርነት የምትሸሽ ልጅ ታሪክ በሥዕል ተስሏል። አንባቢው ዝም ብሎ አያነብም፤ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርግ በጣቱ ነክቶ ይመርጣል። ነዕማ ታሪኩን አስቀድማ እስከ መጨረሻው አላየችውም። ሥዕሉን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራችና ልጆቹ እጅ እያወጡ እንዲመርጡ አደረገች።

«ልጅቷ ምን ትያዝ? ብርድ ልብስ ወይስ ድስት?»

«ድስት!» አለ ዋሊድ ከኋላ። «ብርድ ልብስ አይበላም፣ ቲቸር።»

«አንተማ ድስቱንም ትበላዋለህ» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ። ክፍሉ ሳቀ፤ ነዕማም ሳቀች። ኑራ አልሳቀችም።

በሚቀጥለው ገጽ የልጅቷ ታናሽ ወንድም ውሃ ፍለጋ ሄዶ ዘግይቷል። የጭነት መኪናው ሊነሳ ነው። ከሥዕሉ ሥር ሁለት ምርጫ ተጽፏል፤ «እንሂድ» እና «እንጠብቀው»።

«እንሂድ! እንሂድ!» እያሉ ልጆቹ እጃቸውን አወጡ።

ኑራ ብድግ ብላ ታብሌቱ ወዳለበት ጠረጴዛ ሄደችና «እንጠብቀው» የሚለውን ነካች። ግድግዳው ጠቆረ። «ታሪኩ እዚህ አበቃ፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንደገና ነካች፤ እንደገና ጠቆረ። አራት ጊዜ። ነዕማ ልታስቆማት እያሰበች አላስቆመቻትም።

«ኧረ ኑራ፣ ሁላችንንም አስፈጀሽን እኮ!» አለ ዋሊድ።

ኑራ ደብተሯን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

ሦስት ቀን ቀረች። ሳምንት ሙሉ የቀረ ተማሪ ስሙ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። በአራተኛው ቀን ነዕማ ደብተሩን ይዛ ቤታቸው ሄደች። የኑራ እናት ማሪያም ደጃፉ ላይ ለውዝ ትፈለፍላለች። ሁለቱም በሚናገሩት በበርታ ቋንቋ ስለ ጤና፣ ስለ ሙቀቱ ተጨዋወቱ። ከዚያ ነዕማ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳን ስለ መንገዱ ጠየቀች።

«እህቴ፣ መንገድ ላይ ምን ደረሰባችሁ?»

የማሪያም እጅ ቆመ። «እንግዳ እስከ ሦስት ቀን ነው» አለች። «ስድስት ወር ዝም የተባለ ሰው እንግዳ ነው? ሁላችሁም ሰምታችሁ የተጸየፋችሁኝ መስሎኝ ነበር። ልጇን ጥላ የመጣች ብላችሁ።»

ነዕማ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ማሪያም ነገረቻት። የኑራ ታናሽ ወንድም ሙዳሲር ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ውሃ ሊቀዳ እንደሄደ ተኩስ ተሰማ፤ የጭነት መኪናው ሹፌር ሞተሩን አስነሳ። ማሪያም ኑራን ጎትታ ተሳፈረች። «ለምን ያኔ ውሃ እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም አልላከውም።»

«የላክሁት እኔ ነኝ» አለ የኑራ ድምፅ ከቤት ውስጥ። «ጠምቶኝ ነበር።»

ለውዙ ከማሪያም ጭን ላይ ተበተነ። ወደ በሩ ሳትዞር «ነይ» አለች። ኑራ ወጥታ ከእናቷ ራቅ ብላ ቆመች። ማሪያም እጇን ዘረጋች፤ ኑራ ግን አልቀረበችም። ነዕማ ደብተሩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

አርብ ዕለት ኑራ መጣች። ከፊት መቀመጥ ትታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ነዕማ ስሟን ስትጠራ «አለሁ» አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ነዕማ በመናኸሪያው ስታልፍ ማሪያምን አየቻት። ለውዟን ለመሸጥ አልነበረም የመጣችው። ወደ ኩርሙክ የሚሄድ አንድ ሹፌር ሙዳሲርን እንዲያጠያይቅላት መሪው ላይ ወረቀት አስደግፎ የምትለውን ይጽፋል።

«ዕድሜው ዘጠኝ ነው ያልሽኝ?»

«ያኔ ዘጠኝ ነበር» አለች ማሪያም። «አሁን አሥር ሆኗል ብለህ ጻፍ።»