በራንጌል ሙት ዓመት የጠፋው እሳት

ቬልኮ ታንቼቭ ስልሳ አንድ ዓመት ሲኖር "ይቅርታ" የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግትር ሆኖ ነው። ከካዛንላክ ከተማ በታች ባለችው መንደር የጽጌረዳ ዘይት የሚያወጡት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ ከወንዙ ወዲህ የእሱ፣ ከወዲያ የእነ ራንጌል። አባቱ ዘይቱ የሚነጠርባቸውን አራት የመዳብ ጋኖች ሲያወርሱት ያስተማሩት አንድ ነገር ነበር። ጎህ ሲቀድ የተለቀመ አበባ ቀትርን አይጠብቅም፤ በለቀማ ሰሞን እሳት አይጠፋም።

አልጠፋምም። ከሦስት ዓመት በፊት ራንጌል በለቀማው መሃል ሞተ። ሬሳው በቬልኮ ደጅ ሲያልፍ መንደሩ ሁሉ ቆቡን አውልቆ ቆመ፤ የቬልኮ ጭስ ማውጫ ግን እየተትጎለጎለ ለቀስተኛውን በጭስ አፈነው። እሱም ከጋኑ ሥር ቀና አላለም። ከዚያ ወዲህ የራንጌል ሚስት ስቶይና መንገድ ላይ ስታገኘው ምራቋን ትተፋለች።

ዘንድሮ ጉድ መጣ። ያለው አንድ ገዢ ከፕሎቭዲቭ ደውሎ፣ "የአንድ ቤት ዘይት አይበቃኝም። ከጎረቤትህ ጋር በሽርክና ካላቀረባችሁ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ" አለው። ዘይቱ ካልተሸጠ የአባቱ ጋኖች ለቆራሌ መሄዳቸው ነው።

በሚያዝያ አንድ ማለዳ ድልድዩን ተሻገረ። የስቶይና በር ላይ የራንጌል ፎቶ ያለበት የሙት ዓመት ወረቀት ተለጥፏል። ቬልኮ ፎቶውን ላለማየት አንገቱን አዙሮ አንኳኳ። ስቶይና በሩን ገርበብ አድርጋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ወይዘሮ ስቶይና፣ እንደምን አደርሽ?"

"ወይዘሮ! ከመቼ ወዲህ? ምን ጎድሎብህ መጣህ?"

"ገዢው ሸሪክ ካልሆናችሁ አልገዛም ብሏል። ላንቺም ደውሏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና..."

"ድሩስ ይሁን፤ ሸረሪቱ አንተ ነህ እንጂ!"

"ያለፈው አልፏል፣ ስቶይና።"

"ላንተ ነዋ ያለፈው! የወጋ ቢረሳ የተወጋ ይረሳል? ባሌን በጭስ አፍነህ ነው የሸኘኸው።"

"አበባው ይበላሽብኝ ነበር።"

"አየህ? ዛሬም የምታለቅሰው ለአበባህ ነው።"

ፊቱ ቀላ። ተሳድቦ ሊሄድ ቃጣው፤ ጋኖቹ ትዝ ሲሉት ግን እግሩ አልነሣ አለው።

"እሺ፣ ምን ላድርግ?"

"ሦስተኛ ሙት ዓመቱ ለቀማው እኩሌታ ላይ ይውላል። የዚያን ቀን እሳትህን አጥፋ። አንድም ጋን እንዳይሞቅ። መጥተህ መቃብሩ ላይ ቁም። ከዚያ በኋላ እናወራለን።"

"የአንድ ቀን አበባ ሙሉ ይሙት?"

"ይሙት! እኔ የቀበርኩት ሰው ነው።"

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው።

ቬልኮ ወር ሙሉ ሲራገም ከረመ። "ይቺ ሴትዮ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው" ይላቸዋል ለጋኖቹ። ቀኑ ሲደርስ ለቃሚዎቹን ቅሩ ለማለት እንኳ አፉ አልታዘዝ አለው። ጆንያቸውን ሞልተው ሲመጡ ደጁ ላይ አስከመራቸው፣ በገዛ እጁ እሳቱ ላይ ውሃ ደፋ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ወጣ። በዕድሜው እንደዚያ የመረረው ጠዋት የለም።

ስቶይና ንፍሮና ወይን ይዛ መቃብሩ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች።  ቬልኮ ቀና ሲል የእሷ ጭስ ማውጫ ሲተትጎለጎል አየ። ደሙ ፈላ።

"አንቺ ነገረኛ! የኔን አስጠፍተሽ ያንቺን ታነጃለሽ?"

"አጥፋ ያልኩህ ያንተን ነው።"

"አበባዬ ደጄ ላይ እየሻገተ!"

"ደጅህ ላይ ምንም የለም። አንተ ስትወጣ መኪናዬ መጥቶ ጭኖታል። ጋኔ ላይ ያለው ያንተ አበባ ነው። የኔ ዛሬ አልተለቀመም፤ እዚያው ቁጥቋጦው ላይ ይርገፍ። ከዘይቱ ግማሹ የኔ ነው፤ ሽርክና ማለት ይሄ ነው። ደግሞ ስላዘንኩልህ እንዳይመስልህ፤ ዓይንህን ማየት አልወድም።"

ቬልኮ ቆቡን አወለቀና ወደ መቃብሩ ዞረ። 

"ይቅርታ" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱም ሳይሰማው።

"ጮክ በል" አለች ስቶይና ንፍሮውን እየዘገነች። "ራንጌል በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር።"