በማርያም ይማሉ ያለኝ ቀን

ያን ቀን ጠዋት ድርቆሽ አሰጣ ነበር። ደጃፌ ላይ ጆንያ ዘርግቼ፣ እንጀራውን እየቆራረስሁ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ። በጎኑ የተፈጨ በሶ አለ። ብዙ ነበር፣ አልዋሽም። ለአንዲት ባልቴት ብዙ ነበር።

ስንቁ ለትንሹ ልጄ ነው፣ ላንች አጎት። ዩኒቨርስቲ ገብቶ አንዱን ዲግሪ ከያዘ በኋላ ሁለተኛውን ጀመረ። ምንድር ነው የምትማረው ብዬ ብጠይቀው፣ ከሐዋርያት ቀጥለው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ምን ያነቡ እንደነበር ነው አለኝ። በሌላው አገር ጠፍቶ በግእዝ የተረፈ መጽሐፍ አለ፣ እሱን ነው የምመረምር አለኝ። «ታዲያ ይኸ ሚስት ያመጣልሃል?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። ኋላ ውጊያው መጥቶ መንገዱ ሲዘጋ፣ ትምህርቱም ሲቋረጥ፣ መጽሐፉን ከነምስጢሩ የሚያውቁ መምህር አሉ ብሎ ከቆሎ ተማሪዎች ጋር ገባ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ይለምናል። ዲግሪ ያለው ልጅ! የት እንዳለ የምናውቅ እኔና ጎረቤቴ ብቻ ነን። ይኸን የምነግርሽን ስትጽፊ የደብሩን ስም አትጻፊው።

የታጠቁት ሲመጡ ውሻው እንኳ አልጮኸም። አንዱ ለግላጋ ልጅ ድርቆሹን በጫማው ገፋ አድርጎ፣

«ይኸ ሁሉ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለተማሪ።»

«ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ የምን ተማሪ? ጫካ ላሉት ስንቅ እያዘጋጀሽ ነው እንጂ!»

የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ወዲያው ዘጋሁት። ብናገር ተነስተው እዚያው ይሄዳሉ። በዚያ ሁሉ ጎረምሳ መካከል ልጄን ከኮምፒውተሩና ብራናውን ከሚያነሳበት ካሜራ ጋር ያገኙታል። ማን ነህ ብለው ይለቁታል?

ድርቆሹን ከነጆንያው አስጭነው፣ እኔን ከኋላ አስከትለው ሄዱ።

ያሰሩኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ማዳበሪያው አልቆ ባዶ ነው፣ ሽታው ግን ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ሲንጣጣ፣ ተኩስ እየመሰለኝ እበረግጋለሁ። አንዲት አራስ ነበረች፣ ባልሽን አምጭ ተብላ የታሰረች። ሌላ ሰው የለም። ሕፃኑ ሲያለቅስ እደነግጣለሁ፣ ዝም ሲልም እደነግጣለሁ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልጄን ይዘው የመጡ ይመስለኛል። ዱላውንም ፈርቻለሁ፣ የባሰው ግን እናትህ ታሰረች ሲሉት ሰምቶ በገዛ እግሩ እንዳይመጣ ነው። ጠባዩን አውቀዋለሁ፣ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። አለቃቸው ጎልማሳ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ይቀመጡ እማማ። ልጅ አለዎት?»

«አለኝ።»

«ምን ይሠራል?»

«ይማራል። የመጀመሪያዎቹን ክርስቲያኖች መጻሕፍት ይማራል።»

ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ምነው፣ ሳያስጠምቁት ነው እንዴ ያሳደጉት? ክርስትናን ገና በዲግሪ ይማራል?»

ሳቁ። እኔም ከፍርሃቴ ብዛት አብሬ ሳቅሁ መሰለኝ።

«የት ነው የሚማረው?»

«ዩኒቨርስቲ ነበር።»

«አሁንስ?»

የነጠላዬን ጫፍ እፈትል ጀመር።

«ስንቁስ ለማን ነው?»

«በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለሚለምን ነው። በስሟ የለመነኝን ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አልለውም። እናትህም አትልም።»

ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። «እንግዲያው ላቅልልዎት» አለኝ። «ስንቁ ለልጄ አይደለም፣ ያለበትንም አላውቅም ብለው በማርያም ይማሉ። እኔ የእናት መሐላ አምናለሁ። አሁኑኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

ያኔ ነው ቀሚሴ የረጠበው። ጻፊው፣ ምን ያሳፍራል።

ላስብበት አልሁት። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ።

አራሷ ነገሩን ስነግራት፣ «ምን ያስባሉ እማማ! ይማሉና ይውጡ እንጂ» አለች። «የተማሪ ስንቅ አንድ ላይ አይደል የሚበላ? ‹ለልጄ ብቻ አይደለም› ማለቴ ነው ብለው በልብዎ ይያዙት።»

«ማርያምን ላታልላት?»

«እሷም ይዛው የተሰደደች ልጅ ነበራት። ይገባታል።»

እኛ ዘንድ የሐሰት መሐላ በልጅ ላይ ይወርዳል ይባላል። ከጠመንጃ አድኜ ለመሐላው ልሰጠው ነው?

እንደገና ሲጠሩኝ ነጠላዬን ቤተ ክርስቲያን እንደምገባ አድርጌ መስቀለኛ አጣፋሁት።

«አልምልም» አልሁት።

«እንግዲያው ለልጅዎ ነው ማለት ነዋ!»

«እሱንም አላልሁ። ለበሶና ለድርቆሽ ብዬ ስሟን አልጠራም ነው ያልሁ።»

ሊመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ምንም የለም። ስገልጠው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። «መልሷቸው» አለ።

ኋላ ያገር ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው አስወጡኝ። ድርቆሹ እዚያው ቀረ። አራሷም ቀረች፣ ነጠላዬን ለሕፃኑ ትቼላት ወጣሁ።

አሁን ልጄ ዩኒቨርስቲው ተመልሷል፣ ያንኑ መጽሐፍ እያጠና ነው። እኔ ውሻ በጮኸ ቁጥር አሁንም እነሳለሁ። በቀደም ሲደውል፣ እነዚያን የጥንቶቹንም ሲያስሯቸው በንጉሡ ስም ማሉና ሂዱ ይሏቸው ነበር አለኝ። የማለም ነበር፣ ያልማለም ነበር። «ያልማሉትስ እንደኔ ቀሚሳቸው ረጥቦ ይሆን?» አልሁት። እሱን መጽሐፉ አይናገርም አለኝ።

የወጣሁ ዕለት ጎረቤቴ ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጣች። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ከዚያ፣

«ልጅሽ እኮ ሰምቶ ሊመጣ ደበሎውን አውልቆ ነበር» አለችኝ። «አርብ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ወጥቼ፣ መንገድ ታጥፌ ደረስሁበት። ‹እናቴ ታስራለች አሉ› ቢለኝ፣ ‹የትኛው ወሬኛ ነው! ጠዋት አብረን ውሃ ቀድተን› አልሁት። አላምንም፣ ይማሉልኝ አለኝ። በማርያም ማልሁለት። አንች የፈራሽውን እኔ ማልሁት፣ ንስሐውንም እኔው እገባለሁ። በይ አሁን እግርሽን አምጭ ልጠብሽ።»