ተዘግቶ የሚያስተምር መጽሐፍ

በጃንሆይ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩት አጎታችን፣ ክረምት ቢቸና ሲመጡ ለተማሪዎቻቸው የሚሆን የመካኒክስ መጽሐፍ ይመርጡ ነበር። አመራረጣቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት እንደለመዱት ነው፤ ምዕራፉን አንብበው መጽሐፉን ይዘጉና ለታናሽ እህቴ በቃላቸው ያስረዳሉ። «ተዘግቶ የማያስተምር መጽሐፍ ይቅርብን» ይላሉ።

ሁልጊዜ ለእሷ! እኔ ሞጣ የሳይንስ አስተማሪ ነበርሁ። ቅናቱ ቢያንገበግበኝ አንድ ቀን፣ «እኔንስ ለምን አይጠሩኝም?» አልኋቸው።

«አንተማ ስለምታውቀው፣ የዘለልሁትን በልብህ ትሞላልኛለህ። እሷ ግን ካልገባት ፊቷ ይነግረኛል።»

ምክንያታቸው ገባኝ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም።

ባረፉበት ዓመት ክረምት፣ በመጨረሻ ሊመርጡት ያነበቡትን መጽሐፍ ዘግቼ ለእህቴ ማስረዳት ጀመርሁ። እሷ ግን ባዶ ወንበራቸውን ታያለች።

በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ።